ሰማዕትነትና መስማት

«ሰማዕት» የሚለው ቃል መስማትን ከሚያመለክተው «ሰምዐ» ከተባለ የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ከዚያው ግስ የተገኘው «ስምዕ» ምስክር ማለት በመሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ሰማዕት የሚባለው የሰማውንና ያመነበትን እስከ ሞት የሚመሰክር ነው። በአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ሙዚየም ደርግ የተባለው ወታደራዊ መንግሥት ያካሄደው የቀይ ሽብር ሰለባዎችን፣ ማርክሲስት ነን ይሉ የነበሩትን የተማሪዎች ንቅናቄ ልጆች ጨምሮ፣ በዚሁ የሃይማኖት ቃል «ሰማዕታት» ብሎ መጥራቱ እንዲያው የስም አወጣጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ንቅናቄው የሚመዘንበትን ሚዛን ይዟልና።

ንቅናቄው ከመስማት ተነሣ። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ሲወጡ የጮኹት ድምፁ ለማይሰማው ገበሬ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ለማኞች ከከተማው ተለቅመው ሾላ በሚገኝ መጠለያ መታጎራቸውን ሲቃወሙ፣ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ፣ የሰው ክብር የሚመነጨው ካለው ሀብት ነው ወይስ ሰው ከመሆኑ፣ የሚለው የፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ንቅናቄው ከጠየቃቸውም ሁሉ የጠለቀው ይኸው ይመስላል። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገድሎ፣ አስከሬኑን ከበው በስድስት ኪሎ ግቢ በቆሙት ተማሪዎች ላይ ክቡር ዘበኛ ሲተኩስ፣ ቃልና ሕይወት በእርግጥ አንድ ሆኑ።

ከንቅናቄው የወጡት ሁለቱ የፖለቲካ ድርጅቶች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ሲከራከሩ፣ ኢሕአፓ ዴሞክራሲ ያለ ገደብ ዛሬውኑ ይሰጥ ሲል፣ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ»፣ ማለትም እየነቀፉ መደገፍን፣ መረጠ። ክርክሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ከብዕር ወደ ጥይት ዞረ። ደርግ በጅምላ የፈጸመው ግድያ ከየትኛውም ወገን ጥፋት ጋር አይተካከልም፤ ሊቀመንበሩ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1969 ዓ.ም. በዚያው በመስቀል አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሲከሰክስ የታወጀው የመንግሥት ሽብር ነበር። ሆኖም የሚመሰክር ሰው የሚሰማውን ይሻል እንጂ ዝም የሚያሰኘውን አያሳድድም፤ ጓዱ ላይ የተኮሰ ወጣት፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ምስክርነቱን በገዛ እጁ አቋርጧል።

ታዲያ የገደለም የተገደለም ሰው ሰማዕት ይባላልን? በሙዚየሙ የመስታወት ሣጥኖች የተደረደሩት የራስ ቅሎች የማን ድርጅት አባላት እንደነበሩ አይናገሩም፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ጉርድ ፎቶግራፎችም የሚያሳዩት ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ፊቶችን ነው።