የስሕተት እውነተኛነት፦ በትናንሽ ሳንቲሞች ላይ ስለሚታይ ድርብ ምስል

ስሕተት እውነተኛና ሐሰተኛ ተብሎ ሊከፈል ይችላልን? በሳንቲም ጥናት ጥያቄው በተጨባጭ ይነሣል፤ ምስሉ ወይም ጽሑፉ ተደርቦ የሚታይ አንድ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሲሆን፣ ለዓይን ያንኑ የሚመስል ሌላ ሳንቲም ግን ከተጻፈበት ዋጋ አያልፍም። የሚለያዩት በመልካቸው ሳይሆን በምንጫቸው ስለሆነ፣ ጉዳዩ ስለ እውነት ምንነት የሚቀርብ ጥያቄ ይሆናል።

ሳንቲም የሚመታው ምስሉ ተገልብጦና ጎድጉዶ በሰፈረበት የብረት ማተሚያ ነው፤ ማተሚያውም የሚዘጋጀው ምስሉ ጎልቶ የወጣበት ዋና ቅርጽ በከፍተኛ ኃይል ሲጫንበት ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ጊዜ መጫን ስለማይበቃ ብረቱ በእሳት እየለሰለሰ በድጋሚ ይጫን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ዋናው ቅርጽ ጥቂት ዞሮ ከተቀመጠ ማተሚያው ሁለት ምስል ይይዛል፣ ከእርሱ የሚወጡት ሳንቲሞችም ሁሉ ድርቡን በአንድ ቦታና በአንድ አቅጣጫ ይወርሳሉ። ይህ የማተሚያ ድርብነት ሊባል ይችላል፤ በ1955 እ.ኤ.አ. የተመታው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም የታወቀ ምሳሌው ነው። በአንጻሩ ማተሚያው ላልቶ በምቱ ቅጽበት ሲነቃነቅ አዲስ የወጣውን ፊደል ጠርዝ ገፍቶ ይጨፈልቀዋል፤ ይህም የምት ድርብነት እንጂ ከማተሚያው የተወረሰ ምስል አይደለም።

ሁለቱን በአጉሊ መነጽር መለየት ይቻላል። በማተሚያ ድርብነት ሁለተኛው ምስል እንደ መጀመሪያው ክብና ጎላ ያለ ሲሆን የፊደሉ ጫፍ ተሰንጥቆ ይታያል፤ በምት ድርብነት ግን ጥላው ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ እርከን ሆኖ የፊደሉን ስፋት ይቀንሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1969 የሚለው ዓመት በግዕዝ አኃዝ የተጻፈባቸውና የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞች ሲመረመሩ፣ ከአኃዞቹ በላይና በታች ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ይሁንና በአዲስ አበባ በታክሲ ረዳትና በባለ ሱቅ እጅ ለዓመታት የተመላለሰ ሳንቲም ጠርዙ ስለሚያልቅ፣ ግጭት የፈጠረው ጥላ መርማሪውን ሊያሳስት ይችላል፤ ስለሆነም ከዚያው ማተሚያ የወጣና ያንኑ ድርብ የሚያሳይ ሌላ ሳንቲም ሁለተኛ ምስክር ሆኖ ይፈለጋል።

የኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክ ለነገሩ ጥልቀት ይሰጠዋል። የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ በስሟ የሚጠራው ብር ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሮምና በሌሎች ከተሞች ተመትቷል። ብሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ የተጻፈበት ዓመት የተመታበት ዘመን አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ነጋዴም በምስሉ ላይ ያሉትን ጌጦች እየመረመረ ይቀበለው ነበር። ከዚህ እንደሚታየው የቁሱ እውነትና የቃሉ እውነት ሁለት ናቸው፣ አንዱም ሌላውን አይተካም።

ስለዚህ የምት ድርብነት ያለበትን ሳንቲም የማተሚያ ድርብነት አለው ብሎ የሚሸጥ ሰው ሐሰተኛ ሳንቲም አልሸጠም፤ በእውነተኛ ሳንቲም ላይ ግን ሐሰተኛ ምስክርነት ጨምሯል። መጽሐፍ ቅዱስና ቁርኣን ሚዛን ማጉደልን የሚያወግዙት ሸቀጡ የተበላሸ ስለሆነ አይደለም፤ ገዢው በማያየው ነገር ሻጩን ለማመን ስለተገደደ ነው። የማወቅ ግዴታም ከዚህ ይመነጫል፦ ስለ ምንጩ የሚናገር ሰው አስቀድሞ መመርመር አለበት፣ ምርመራው ያላረጋገጠለትንም ምኞቱ እንዲያረጋግጥለት መፍቀድ የለበትም። ስሕተት እውነተኛ የሚሆነው የተፈጠረበት መንገድ በትክክል ሲነገር ነው፤ ያለዚያ ብርቅ የተባለው ሳንቲም በሰው ላይ የሚፈጸም ሌላ ስሕተት ይሆናል።