ወሰን ያለው ደስታ፦ ቤት፣ ጾምና የዓመቱ ወቅቶች

ደስታ ወሰን ሲበጅለት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ይህ ጥያቄ በሃይማኖትም በፍልስፍናም ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። በመምህራን ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ማዕድም ይነሣል። ቆሎ እየቆረጠመ ቡና የሚጠጣ ቤተሰብ በእርግጥ ተደስቷል ወይስ የተሻለ ስላጣ ራሱን እያጽናና ነው? ጥያቄውን በኢትዮጵያ ደጋ ቤት ውስጥ መመርመር ይቻላል። በዚያ ቤት የሚበላውና የሚተወው፣ የሚጤሰውና የሚሞቀው ሁሉ ዝናቡንና ጾሙን እየተከተለ ይለዋወጣል።

ስለ ልከኛ ተድላ በሰፊው ካሰቡት ጥንታውያን አንዱ የግሪኩ ኤፒኩሮስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ341 እስከ 270 የኖረ፣ በአቴና በነበረው የአትክልት ስፍራ ከወዳጆቹ ጋር ያስተማረ ፈላስፋ ነው። ስሙ ከተድላ ጋር ቢነሣም ኑሮው ቀላል ነበር። የሰውን ፍላጎት በሦስት ከፍሎታል፦ ረኃብንና ጥምን እንደ ማስታገስ ያለው ተፈጥሯዊም አስፈላጊም ነው፤ ምግብ ማማረጥ ተፈጥሯዊ ቢሆንም የግድ አይደለም፤ የዝናና የማያልቅ ሀብት ምኞት ግን ከንቱ ነው። ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ትንሽ ማሰሮ አይብ ላክልኝ ያለው፣ ድግስ ሲያምረው ያቺው እንድትበቃው ነው። የሮማው ሴኔካ በበኩሉ፣ ባለጸጋ ሰው አልፎ አልፎ ጥቂት ቀን መርጦ በርካሽ ምግብና በሻካራ ልብስ እንዲሰነብት ይመክራል። የሁለቱ ዓላማ ይለያያል። ሴኔካ የድህነትን ፍርሃት ከልብ ለማውጣት ይፈልጋል፤ ኤፒኩሮስ የሚፈልገው ደስታውን ራሱን ነው።

መጽሐፈ መክብብ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ይይዘዋል። ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ የተነሣው ያ መጽሐፍ፣ ሰው መብላቱን፣ መጠጣቱንና በድካሙ ፍሬ ደስ መሰኘቱን ከእግዚአብሔር የተሰጠ አድርጎ ያየዋል፤ ይህንንም አንዴ ተናግሮ አያልፈውም፣ ደጋግሞ ይመለስበታል። እንዲህ ሲታይ ትንሽ ደስታ ምስጋና የሚገባው ስጦታ ነው፤ የሚያፍሩበት ድክመት አይሆንም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሐሳብ በዓመቱ መቁጠሪያ ውስጥ አስገብታዋለች። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ ዘመነ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ዘመነ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ዘመነ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃሉ። በእነዚህ ወቅቶች ላይ አጽዋማትና በዓላት ተደርበዋል፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም ሁሉ የሚጾም ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተከልክሎ ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የሥርዓቱ ሌላው ገጽ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም አይሰገድም። በዐቢይ ጾም ውስጥም ቢሆን፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ ቅዳሜና እሑድ እህል ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት በኋላ መቆየት የለም። መከልከል ትእዛዝ እንደሆነ ሁሉ መደሰትም ትእዛዝ ሆኗል፤ ሰው በራሱ ላይ እንዳይጨክንም ሕግ ይጠብቀዋል።

ቤት ከሁሉ ይልቅ ቤት የሚሆነው በክረምት ነው። የኢትዮጵያን ወቅቶች የሚለያቸው በዋናነት ዝናብ ነው፤ ሆኖም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባና በሌላውም ደጋ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ብርዱን ይዞት ይመጣል። ጋቢ ይወርዳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ደጅ የዋለው ሁሉ ወደ ማንደጃው ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ተድላ የበቆሎ እሸት ነው። ቅጠሉ ተልጦ፣ ጸጉሩ ተነቅሎ፣ ከሰሉ እስኪፋም ይጠበቃል። ነበልባል ላይ የተጣደ በቆሎ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ በፍም ላይ ቀስ እየተባለ ሲገላበጥ ግን ፍሬው እዚህም እዚያም ጠቆር እያለ ይንጣጣል፣ ሽታውም ቤቱን ያውዳል። ቶሎ አይደርስም፤ ስለማይደርስም ወሬ ይነሣል። ሲደርስ ለሁለት ተሰብሮ ይካፈሉታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። እሸቱ ከተቆረጠበት ሰዓት አንሥቶ ስኳሩ ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል፤ ማሳ ላይ የቀረውም ውሎ አድሮ ይደርቅና ለዱቄት ይሆናል። ማንም የከለከለው ሳይኖር ተፈጥሮ ራሱ ወሰን አበጅቶለታል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለ15 ቀን የሚጾመው የፍልሰታ ጾምም በቆሎን ስለማይከለክል፣ የዕለቱን ጾም ፈትቶ ወደ ማዕድ የሚቀርብ ቤተሰብ እሸቱን በደስታ ይበላዋል።

ክረምቱ ሌላም አለው። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ ይዘምራሉ፣ ሙልሙል ዳቦም ይሰጣቸዋል። በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ቀን፣ ሰማዩ የለቀቀው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ትልቁም ትንሹም ደጅ ወጥቶ ይጠመቅበታል። ገንዘብ የማያስወጣ፣ ሀብታምና ድሃ የማይለይ ደስታ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ቡና በሁሉም ወቅት አለ፤ የክረምቱ ግን ይለያል። በቁጠባ ዓይን ሲታይ አስደናቂ ሥርዓት ነው፦ አንድ ጊዜ የተወቀጠው ቡና ውሃ እየተጨመረበት ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው ከምርቃቱ እንደቀረ የሚቆጠረው በመጨረሻው፣ በቀጭኑ ሲኒ ነው። ቁጠባው ራሱ ሥርዓት ሆኖ የተገኘበትን ሌላ ማዕድ ማሰብ ያስቸግራል።

መስከረም ሲጠባ ደስታው ወደ ደጅ ይወጣል። አደይ አበባ ማንም ሳይዘራው ሜዳውን ይሞላዋል፣ ቄጤማ ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ አበባውን ከድንግል ማርያም ስደት ጋር አያይዞ በማኅሌት ያስበዋል። የጥቅምት ብርድ ሲጠነክር «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። አባባሉ ሠንጋ አይልም፤ ገላን ለማሞቅ አንድ አጥንት የተቀቀለበት መረቅ ይበቃል። ወዲያው የባቄላው፣ ቆይቶም የሽምብራው እሸት ይከተላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ጠዋቱ ጠራራ ነው፤ ሽማግሌዎች ከግድግዳ ጥግ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ከዐቢይ ጾም የበለጠ የወጥ ቤትን ብልሃት የሚፈትን የለም። በ55ቱ ቀን ቤቱ ከእንስሳት ተዋጽኦ ተለይቶ በጥራጥሬ፣ በቅባት እህልና በጎመን ይኖራል። ሽሮው በሸክላ ድስት ይንተከተካል፤ ተልባው ተቆልቶ ይወቀጣል፤ ስልጆው ይብላላል። የሱፍ ፍትፍት ሲሠራ ፍሬው ይወቀጥና በውሃ ታሽቶ ይጠለላል፤ የሚወጣው ፈሳሽ ወተት ይመስላል። እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ሽንኩርትና ቃሪያም ይገባበታል። በጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ጉልባን ይመጣል፦ የተከካ ባቄላና ስንዴ አብረው የተቀቀሉበት፣ ከጨው በቀር ብዙም የማይጨመርበት ንፍሮ ነው። የሕማማቱን ሳምንት የጾመ ሰው ጉልባኑን በጣዕሙ ብቻ አይመዝነውም፤ የፋሲካ ዶሮ መቅረቡን ያበሥረዋልና።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ። የጾም ምግብ እንዲህ ከጣፈጠ ጾሙ ምን ቀረለት? ቤተ ክርስቲያን ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም እንዲጾሙ ስለምታስተምር የጾምን ፍሬ በድስት ውስጥ ብቻ አትፈልገውም። ስለዚህ ከጎመንና ከሱፍ የሚጣፍጥ ነገር ማውጣት ጾምን ማታለል ነው ማለት አያስኬድም። ማታለል የሚሆነው በጾም ስም ውድ ውድ ምግብ ተፈልጎ ሲደረደር፣ የተረፈው ገንዘብም ወደ ድሃው ሳይደርስ ሲቀር ነው። ጾም ከምጽዋት ተለይቶ አያውቅም።

የሙስሊሙ ረመዳን ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በ33 ዓመት ያህል ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ይጨርሳል። አንድ ጎልማሳ በሕይወቱ የክረምት ረመዳንንም የበጋ ረመዳንንም ያያል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ጾሙ በየትኛውም ወር ቢውል የሚጠበቀው ሰዓት ተቀራራቢ ነው። የሚለወጠው ከቴምርና ከውሃ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ በብርድ ወር ትኩሱ ሾርባ የሚሰጠው እርካታ በሐሩር ወር ቀዝቃዛው ውሃ ከሚሰጠው ጋር አንድ አይደለም። የአዛኑ ድምፅ ሲሰማ ግን በየቤቱ አንድ ፍሬ ቴምር የዕለቱ ታላቅ ምግብ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የሚቆም ድምፅ በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥም አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው ለዘርዐ ያዕቆብ የሚሰጠው፣ ስለ ደራሲው ማንነት ግን ሊቃውንት እስካሁን የሚከራከሩበት ሐተታ፣ የጾምን ሕግ የሰው ሥራ ነው ብሎ ይነቅፋል፤ ረኃብን የፈጠረ አምላክ መብላትን አይከለክልም የሚል ነው ሙግቱ። በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ስም የሚታወቀው ሐተታ ደግሞ ለቤት ኑሮ ምክር ይሰጣል፤ በእጅ ሥራ መኖርን፣ ከድካም ፍሬ መብላትን ያበረታታል። ሙግቱ በግዳጅ ላይ ሲቃጣ ክብደት አለው። የጋራ ጾም የሚሠራውን አንድ ነገር ግን ይዘነጋዋል፦ የድሃውን ማዕድ የሁሉም ማዕድ ያደርገዋል። ሽሮ ብቻ ያላት ቤት በሁዳዴ ከጎረቤቶቿ አታንስም፤ እንግዳም ሲመጣባት አታፍርም። ይህን ክብር አንድ ፈላስፋ በግል ምርጫው ለማንም ሊሰጥ አይችልም።

ቁጠባን ማድነቅ ግን ድህነትን ወደ ማድነቅ እንዳያመራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ ልከኛ ኑሮ አልነበረም፤ ሞት ነበር። ጾመኛ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል፤ እሸት የሚጠብቅም ክረምቱ እንደሚመጣ ያውቃል። ደስታን የሚያጣፍጠው ወሰን መጨረሻው የሚታወቅ ወሰን ነው። ነገ የሚበላው መኖሩን የማያውቅ ሰው ፊት ስለ ትንሽ ነገር በቂነት መስበክ ነውር ነው፤ ቀድሞ የሚገባው እህል ማቅረብ ነው።

የድካሙም ጉዳይ አለ። ከላይ የተነገረው ደስታ ሁሉ የአንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የእናት ወይም የሴት ልጅ፣ ሥራ ነው። በርበሬው በበጋ ፀሐይ ተሰጥቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ ነው ለዓመት የሚበቃው፤ ሽሮውም ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ ነው ዱቄት የሚሆነው። ሦስቱ የቡና ዙር አንዷን ሴት ከረከቦቱ ጀርባ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያስቀምጣታል። እንጨት በሚነድበት ቤት ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበት ቤት ከዚህ ዐርፏል። ርካሽ የሚባለው ደስታ ዋጋው በገንዘብ ስላልተከፈለ ብቻ ርካሽ አይሆንም። ወንዶች ልጆች ቡናውን መቁላት፣ በቆሎውን ማገላበጥ፣ ሲኒውን ማጠብ ሲለምዱ ዋጋው ለሁሉም ይደርሳል፤ የማዕዱ ሥርዓት በዚህ አይጓደልም።

ከአገር ርቆ በሚኖረው ቤተሰብ ዘንድ ወቅቱና መቁጠሪያው ይለያያሉ። በባሕረ ሰላጤ አገሮች የፍልሰታ ጾም የሚውለው በዓመቱ ከባድ ሙቀት መካከል ነው፤ ጋቢም ማንደጃም አያስፈልግም። በዋሽንግተን እንቁጣጣሽ ሲከበር ሜዳው ላይ አደይ የለም፣ ክረምት የሚመጣው ገና ከወራት በኋላ ነው። በሰሜን አውሮፓ ረመዳን በሰኔ ሲውል ጾሙ ከ18 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ኢፍጣሩም ወደ እኩለ ሌሊት ይጠጋል። ያም ሆኖ ቀኑ ይጠበቃል። በቆሎው በጋዝ ምድጃ ላይ ይጠበሳል፣ ጉልባኑም በጸሎተ ሐሙስ ይቀቀላል፤ በአገር ቤት ተፈጥሮ ያበጀውን ወሰን በዚያ የሚያበጀው ቤተሰቡ ራሱ ነው።