የተሰወረ ስሕተትና የሠራተኛው ኅሊና



በሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ስለ ሥራው ደስታና ምሬት ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው የደመወዙን ማደግ፣ የእንቅልፍ ማጣቱን ወይም ከሥራ የመቀነስ ሥጋቱን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለሳምንታት ያስቸገረ ፕሮግራም በባልደረቦች ድካም በመጨረሻ ሲሠራ ማየት ታላቅ ደስታ ይሰጣል፤ የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ሥራው ሳያልቅ ሲቀር ደግሞ ዕረፍትና የቤተሰብ ጊዜ መሥዋዕት ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚጠልቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ሰው በገዛ ሥራው ላይ ስሕተት ባገኘ ጊዜ ዝም ቢል፣ ዝምታው እንደ ሐሰት ይቆጠርበታልን?

የአናጢ ስሕተት ለዓይን ይታያል፤ የተጣመመ በር አይገጥምምና። የፕሮግራም ስሕተት ግን በብዙ ሺህ መስመሮች መካከል ተሸሽጎ ይኖራል፤ የሚጎዳውም ሠሪው ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ሰው ነው።

በብሪታኒያ የፖስታ አገልግሎት የደረሰው መከራ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ «ሆራይዘን» የተባለ የሒሳብ ሥርዓት በአገሪቱ ፖስታ ቤቶች ተዘረጋ፤ ያዘጋጀውም በጃፓኑ ፉጂትሱ ኩባንያ ሥር የነበረ ድርጅት ነበር። ሥርዓቱ በካዝናው ውስጥ ያልደረሰ ጉድለት እንደ ደረሰ አድርጎ ያሳይ ነበር። የሰፈርና የገጠር ፖስታ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች «ገንዘቡን አልወሰድንም» ቢሉም፣ ከሰው ቃል ይልቅ የኮምፒዩተሩ ቁጥር ታመነ። እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አንዳንዶቹ ታሠሩ፣ ሌሎችም ቤታቸውንና መልካም ስማቸውን አጡ። ሥርዓቱ ስሕተት እንደ ነበረበት የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ2019 ነው፤ ፓርላማውም ፍርዶቹን በጅምላ የሻረው በ2024 ነው። በዚያው ዓመት የፉጂትሱ የአውሮፓ ኃላፊ ስለ ጉዳዩ በተቋቋመው መርማሪ ጉባኤ ፊት ቀርበው፣ ስሕተቶቹ ከመጀመሪያው አንሥቶ በድርጅቱ ውስጥ ይታወቁ እንደ ነበር አመኑ።

እንግዲህ በዚያ ድርጅት ውስጥ ስሕተቱን እያወቀ ዝም ያለ ሠራተኛ፣ «እኔ ማንንም አልከሰስሁም» ሊል ይችላል። ነገር ግን እርሱ የሠራው ቁጥር በችሎት ቆሞ በእርሱ ፈንታ ተናግሯል። እያወቀ ያላረመው ቃል የራሱ ቃል ሆነ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሠራተኛው ልጆች አሉት፤ እንጀራውንም በአለቃው ፊት በመናገር ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በማዕረግ ከፍ ያለው በኃላፊነትም ከፍ ሊል ይገባል። ሆኖም የታናሹ ድርሻ አነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ቢያንስ ያየውን በጽሑፍ ማመልከትና ሐሰቱን በፊርማው አለማጽናት ይቻለዋል። ስሕተት የነገረውን ሠራተኛ የሚቀጣ አለቃ ግን የነገውን ዝምታ ዛሬ ያስተምራል።

ከዚህ የተለየ መንገድ እንዳለ አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ አሳይተዋል። በመጻሕፍቶቻቸው ውስጥ ስሕተት ላገኘላቸው ሰው ሁሉ 2.56 ዶላር እየከፈሉ ለብዙ ዓመታት ቼክ ይልኩ ነበር። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ቼኩን ከመመንዘር ይልቅ እንደ ክብር ምስክር አድርገው አስቀመጡት። መታረምን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ስጦታ መቀበል እንዲህ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። የሶፍትዌር ሠራተኛ እውነተኛ ከፍታ ፕሮግራሙ የሠራለት ዕለት ብቻ ሳይሆን፣ «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» ብሎ የተናገረበት ዕለት ነው፤ እውነተኛ ውድቀቱም ከሥራ የተሰናበተበት ሳይሆን፣ ስሕተቱን አውቆ ሌላው ሲከፍልለት ዝም ያለበት ዕለት ነው። እኛም በየተሰማራንበት ሥራ፣ ፊቱን የማናየውን ሰው እንደ ጎረቤታችን እናስበው።