የሙያ ፈቃድ ለማን ነው?

በጊኒር አካባቢ ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች በአንዷ የሚያገለግል ካቴኪስት ባለፈው የበልግ ዝናብ ወራት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ይዞልን መጣ። እኚህ እናት ከአርባ ዓመት ለበለጠ ጊዜ የአካባቢውን ሴቶች ሲያዋልዱ የኖሩ፣ እናቲቱን ተቀብለው ቆይተው ደግሞ ልጇን የተቀበሉ ናቸው፤ አገሬው ሁሉ «አኮ» እያለ ይጠራቸዋል። የመጡበት ጉዳይ እንዲህ ነው። የጤና ኬላ ሠራተኞች «ከእንግዲህ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ እንጂ ራስዎ አያዋልዱ» ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም ቃላቸውን ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሌሊት ጅረቱ ሞልቶ፣ አምቡላንሱም መሻገር አቅቶት ሳለ፣ የጎረቤት ልጅ ምጥ ጠናባት። አኮ ሄዱ፤ አዋለዱ፤ እናትም ሕፃንም በሕይወት አሉ። «አባ፣ ቃሌን አጠፋሁ። ኃጢአት ሠራሁ ወይ? ባልሄድስ ኃጢአት አልነበረም?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የአንዲት እናት ብቻ ይምሰል እንጂ የብዙዎቻችን ነው። ዛሬ በአገራችን ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ አሽከርካሪውም፣ ጠበቃውም «ፈቃድህን አሳይ» ይባላል። አንዳንዱ ምእመን ይህን ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው ደግሞ ወረቀት የያዘ ሁሉ ዐዋቂ ይመስለዋል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

ሰው ከጊኒር ገበያ ስንዴ ሲገዛ እፍኝ ዘግኖ ያያል፣ ፍሬውን በጥርሱ ይሰብራል፣ ካልወደደው ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል። ለዚህ ግብይት ዐይኑና ጥርሱ ይበቁታል። ነገር ግን ያው ሰው ማሳውን ለማሳጨድ ኮምባይነር ሲከራይ ነገሩ ይለወጣል። ኦፕሬተሩ የማሽኑን ንፋስና ወንፊት በሚገባ ካላስተካከለ ፍሬው ከገለባው ጋር ተቀላቅሎ በኋላ በኩል ይፈስሳል፤ ገበሬውም ጉዳቱን የሚያውቀው ማሳው ካለቀ፣ ሒሳቡም በኩንታል ተቆጥሮ ከተከፈለ በኋላ ነው። በሕክምና ደግሞ ይብሳል። በሲሪንጅ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ተመልክቶ መድኃኒት ይሁን መርዝ የሚለይ በሽተኛ የለም፤ የተበላሸ አጨዳ በሚመጣው ዓመት ይካስ ይሆናል፣ የተሳሳተ መርፌ ግን ሌላ ዓመት አይሰጥም። እንግዲህ ፈቃድ በመሠረቱ ምስክርነት ነው፤ ይኸውም ተገልጋዩ ራሱ ሊመረምረው የማይችለውን ነገር፣ መመርመር የሚችል ሌላ ሰው አስቀድሞ መርምሮለት የሚሰጠው ቃል ነው።

በዕድሜ ከፍ ያላችሁ አንባብያን በየገጠሩ ይዞር የነበረውን መርፌ ወጊ ታስታውሱ ይሆናል። ሕዝቡ መርፌን ከክኒን አብልጦ ያምን ስለነበረ፣ መርፌ መያዝ ብቻውን ሐኪም ያሰኝ ነበር። ያቺው መርፌ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ስትሄድ ምን ይዛ እንደምትሄድ የጠየቀ ጥቂት ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 ማንም ሰው ሳይመዘገብና የሙያ ፈቃድ ሳይኖረው በጤና ሙያ እንዳይሠራ ሲደነግግ፣ ይህን መሰሉን አደጋ ለማስቀረት ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም የሕክምና፣ የነርስነት፣ የአዋላጅ ነርስነትና የሌሎች የጤና ሙያዎች ተመራቂዎች ከዲግሪያቸው በተጨማሪ ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና እንዲፈተኑ ተደርጓል። ዲግሪው መማርን ይመሰክራል፤ ፈተናው ደግሞ በሽተኛ ለመንካት መብቃትን።

ምስክርነት ከሆነ ደግሞ ሐሰተኛ ምስክርነትም ሊኖር ይችላል። የመንጃ ፈቃድ በጉቦ የሰጠ ሰው ያ መኪና በዲንሾ ዳገት ሲገለበጥ በቦታው አይገኝም፤ ነገር ግን ከተሳፋሪዎቹ ደም ነጻ ነኝ ሊል አይችልም። በገዛ ወንድሙ ስም ተፈትኖ ወረቀት ያወጣለትም እንዲሁ ነው። ይህን ጉዳይ በኑዛዜ ወንበር ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ሲነሣ ስለምንሰማ ነው መጥቀሳችን።

እስካሁን ስለ ተገልጋዩ ተናገርን፤ ሠራተኛውስ? በአገራችን የእጅ ሙያ ለረጅም ዘመን ተንቆ ኖሯል። ቀጥቃጩና ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁሉ በእጃቸው ሥራ እየተገለገለ በስማቸው ይሰድባቸው ነበር፤ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው ያሳያል። አዋጁ ስድብን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ክብርን ሊፈጥር አልቻለም። ዛሬ ግን በግንበኝነት ወይም በብየዳ በተመደቡት ደረጃዎች ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ የያዘ ወጣት፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል ይጠየቃል። ወረቀቱ በዘመድ ፈንታ ስለ እርሱ ይናገርለታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሙያውን በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ወይም ከአባቱ እጅ የተማረም ሰው ተመዝኖ ማረጋገጫ እንዲያገኝ በር መክፈቱን እጅግ እናመሰግናለን። ከየት ተማርህ ሳይሆን ምን ትችላለህ ብሎ መጠየቅ ለድሃው ፍትሕ ነው።

ይሁን እንጂ ያው ወረቀት በር ሊሆን እንደሚችል ሁሉ አጥርም ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ጠይቆ ነበር። ዓላማው ቅን ነበረ፤ ምንም ሳታውቅ ወደ ሰው ቤት የምትገባ ልጅ ለጉዳት የተጋለጠች ናት። ነገር ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች የገጠር ልጅ መስፈርቱን ማሟላት ሲያቅታት ሁልጊዜ ከቤቷ አትቀርም፤ ደላላው ዘንድ ትሄዳለች፤ ደላላ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም። በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው አዳም ስሚዝ፣ በትክክል ለመናገር ስኮትላንዳዊው፣ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ረጅሙ የሙያ ልምምድ ሕግ ድሃውን ከሥራ የሚያርቅ ነው ሲል ተቃውሟል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከመቶ ሠራተኞች የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው አምስት ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ዛሬ ከሃያ በላይ ናቸው፤ ጠጉር ለማስተካከል እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል። በአንጻሩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 በላኩት ሐዋርያዊ መልእክት የጥንቶቹ የሙያ ማኅበራት ፈርሰው ምንም ሳይተካላቸው በመቅረቱ ሠራተኛው ያለ ጥበቃ መቅረቱን አዝነው ገልጸዋል። አጥሩን ጨርሶ ማፍረስም እንግዲህ መፍትሔ አይደለም።

ወደ አኮ ጥያቄ እንመለስ። እኛ ካህናት ራሳችን ባለ ፈቃድ መሆናችንን ብዙ ምእመናን አያውቁም። ክህነት የተቀበለ ካህን እንኳ ከኤጲስ ቆጶሱ ወይም ሕጉ ከሚፈቅድለት ባለሥልጣን ሥልጣን ካልተሰጠው ኑዛዜ ሊሰማ አይችልም፤ ክህነቱ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን ያው ሕገ ቀኖና በቁጥር 976 ሰው በሞት አደጋ ላይ ሲሆን ይህ ሥልጣን የሌለው ካህን ሁሉ ሊፈታው እንደሚችል ይደነግጋል። ጥምቀትንም እናንተ ካቴኪስቶች ታውቃላችሁ፤ በቁጥር 861 እንደተጻፈው በአስገዳጅ ጊዜ ትክክለኛ አሳብ ያለው ማንኛውም ሰው ሊያጠምቅ ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቁጥሩ ግን ይቀጥልና እረኞች፣ በተለይም ቆሞሱ፣ ምእመናን ትክክለኛውን የማጥመቅ ሥርዐት እንዲማሩ ይተጉ ዘንድ ያዛል። ሕጉ ለአስገዳጅ ጊዜ በሩን ሲከፍት፣ በዚያ በር የሚገባው ሰው ሳያውቅ እንዳይገባ ደግሞ ኃላፊነቱን በባለ ሥልጣኑ ላይ ይጥላል።

ስለዚህ ለአኮ ኃጢአት አልሠሩም አልናቸው፤ አለመሄድ ነበር የሚያስጠይቅዎ። ይህን ስንል ግን የጤና ኬላው ምክር ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። በጤና ድርጅት የሚወለዱት በ1992 ከመቶ 5፣ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ጥናት ደግሞ ከመቶ 48 ደርሰዋል። ልጅ ሲወለድ ደም እንደ ጎርፍ የሚፈስሳት ሴት የአርባ ዓመት ልምድ ሳይሆን ደሙን የሚያቆም መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ እሱ ደግሞ በአኮ ቤት የለም። እሳቸውም ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ስማቸውን ሳይጠቅሱ በእጃቸው ላይ ያለፉትን ሦስት እናቶች ነገሩን።

ከዚያ በኋላ «ልጅቱ ቀኗ መቅረቡን መቼ ዐወቁ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ከአምስተኛ ወሯ ጀምሮ» አሉን። «ታዲያ ለጤና ኬላው ለምን አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ አባ? አታዋልጂ አሉኝ እንጂ ያረገዘው ማነው አላሉኝም።»

መልስ አልነበረንም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ ዛሬ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ቤቷ የራቀ ወይም ወንዝ የሚያግዳት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ ቀድማ ገብታ የምትቆይበት ነው። ጅረቱ ከመሙላቱ በፊት ማን መግባት እንዳለባት ከአኮ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ቀበሌ የለም። ካቴኪስቱ ከእሳቸው ጋር ተቀምጦ ስሞቹን ጻፈ፤ ስድስት ሆኑ፤ ዝርዝሩንም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰጣት። ከስድስቱ አራቱ ወደ ማቆያው ገብተዋል፤ አንዷ ባሏ ስላልፈቀደ ቀርታለች፤ ስድስተኛዋን አኮ ራሳቸው የገብስ ዱቄትና ቅቤ ቋጥረው ይዘዋት ሄደዋል።