ያየሁትና የጠረጠርኩት

ሰፈራችን ውስጥ ሌሊት ሌሊት የውሃ ቆጣሪ እየተነቀለ ይወሰዳል። ነሐሱ በኪሎ ስለሚሸጥ የሁሉም ጥርጣሬ ቆራሌው ልጅ ላይ አረፈ፤ ጎረቤቶቼም «ለፖሊስ ልናመለክትበት ነውና አብረህ ፈርም» አሉኝ። መፈረም ይገባኛል ወይ?

አስቀድሜ የማውቀውን ከምገምተው ለየሁ። ልጁ ጆንያ አንግቶ እየጮኸ ሲዞር አይቻለሁ። በየበሩ ቆሞ ወደ ግቢ ሲያይም አይቻለሁ፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ሥራው ይኸው ነው። ቆጣሪ ሲፈታ አላየሁትም፤ አየሁ የሚል ሰውም አላገኘሁም። የእድራችን ሊቀ መንበር ልጅ እዚያው በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ቢያይ ማን ይጠረጥረው ነበር? እንግዲያስ ያስጠረጠረው ድህነቱና ዘመድ ማጣቱ ነው አልኩ።

ነገር ግን ዝምታስ ንጹሕ ነው? ቆጣሪ ከተወሰደባቸው አንዷ በጡረታ የሚኖሩ እናት ናቸው። «ከፖሊስ ጋር ምን አገናኘኝ» ብለን ሁላችንም ብንተኛ ስርቆቱ ይቀጥላል። የምፈራው ከዚያ የባሰ ነው፦ አንድ ሌሊት «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ይነሣና ሰዉ መጀመሪያ ያገኘውን ይቀጠቅጣል። ያ የተገኘው ይህ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስርቆቱን ለፖሊስ ማመልከት ለእሱም ከለላ ነው።

አባቶቻችንም በዚህ ጉዳይ ተቸግረዋል። በሌባ ሻይ፣ መድኃኒት ያጠጡትን ልጅ እየመሩ ይሄዱና የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ይሉት ነበር። ይህን ያለማመንታት እጥላለሁ፤ የሰከረ ልጅ እግር ምስክር አይሆንም። አውጫጭኝ ግን ያሳስበኛል። አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ የነገረው ሰው እንዳይታወቅ ነገሩ በ«ወፍ» ስም ይቀርብ ነበር። ወፍ እውነተኛውን ከበቀል ትሰውራለች፤ ሐሰተኛውንም እኩል ትሰውራለች። ቂመኛ ሰው ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ ከየት ያገኛል?

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ወንጀሉን በዓይኑ ያላየም ሰው ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ይህ ሐሳቤን አናጋው፤ ካላየሁ ዝም ልበል የሚለው የመጀመሪያ አቋሜ እንደማያዛልቅ ተረዳሁ። ሆኖም ስርቆት መፈጸሙን ማመልከት አንድ ነገር ነው፤ «እገሌ ሰረቀ» ማለት ሌላ። አንቀጽ 14 ደግሞ ቃሌ ተጽፎ፣ ተነብቦልኝ እንድፈርምበት ያዛል። ሲነበብልኝ አንገቴን ሳልደፋ የምሰማው የትኛውን ቃል ነው?

አንድ ያየሁት አለ። ቆጣሪ በጠፋበት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ መብራቱን ያጠፋ ባጃጅ ሞተሩ እየሠራ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ከነሌሊቱና ከነቦታው አጽፋለሁ። የተሰረቀ ነሐስ ማን እንደሚገዛ እንዲጣራም እጠይቃለሁ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግንም በአንቀጽ 682 ይቀጣልና። «የምትጠረጥረው አለ?» ብባል «ሲሰርቅ ያየሁት ሰው የለም» እላለሁ።

አንዱ ጎረቤቴ «ሌባ ልትሸፍን ነው እንዴ?» አለኝ። «ያየኸውን ንገረኝና ከቃልህ በታች እኔም እፈርማለሁ» አልኩት። እኚያ እናት ግን ብቻቸውን ስለሚኖሩ በቀል ፈርተዋል፤ «ልጄ፣ የእኔን ስም ተወው» አሉኝ። ፍርሃታቸውን ልነቅፍ አልቻልኩም፤ የጠፋባቸውንም ሳይቀር የማመለክተው በራሴ ስም ነው።