ደም መጣጩ ሙሽራና ያልበላው ጎረቤት

ሰው የሚፈራውን ይሸሻል፤ የወደደውን ግን ቢያስፈራውም ይጠጋል። ከፍርሃትና ከፍቅር ስለ ሌላው ሰው አጥርቶ የሚፈርድ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በቅርብ ዘመን ግን «ቫምፓየር ዳየሪስ» የተባለ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ይህን ጥያቄ እንደ ገና አንሥቶታል። ድራማው በአውሮጳ አቈጣጠር ከ2009 እስከ 2017 ድረስ በ171 ክፍል ታይቷል። ቫምፓየር የሚባለውም በአውሮጳ ተረት ከተቀበረ በኋላ ሌሊት እየተነሣ የሕያዋንን ደም የሚመጥ ፍጡር ነው። ለደብረ ታቦር ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይኾንበትም፤ ቀን ሰው፥ ሌሊት ጅብ እየኾነ ሰው ይበላል ስለሚባለው ቡዳ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓልና።

ታሪኩ ኤሌና የምትባል ወላጆቿ የሞቱባት ልጃገረድና ስቴፋንና ዴመን የሚባሉ ኹለት ወንድማማች ደም መጣጮች ታሪክ ነው። ድርሰቱ ጕድለት ሞልቶበታል። የሞተው ይነሣል፥ ተመልሶ ይሞታል፥ ደግሞም ይነሣል፤ ስለዚህ ሞት ክብደቱን ያጣል። ደራሲዎቹ መውጫ ሲጠፋቸው አዲስ አስማት ይፈጥራሉ። ነገር ግን ኤሌናና ዴመን ፊት ለፊት ሲቆሙ ይህ ኹሉ ይረሳል። ኒና ዶብሬቭና ኢያን ሶመርሃልደር ቃል ሳይናገሩ በዓይን ብቻ የሚነጋገሩት ነገር ከተጻፈላቸው ንግግር ይበልጣል። ዶብሬቭ በ2015 ከድራማው በወጣች ጊዜ ታሪኩ ቢቀጥልም እሳቱ እንደ ጠፋ ምድጃ ኾነ።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ውበት ነው። ዴመን በታሪኩ መጀመሪያ ካሮላይን የተባለችውን ልጅ ፈቃዷን በአስማት ወስዶ ደሟን ይመጣል፥ ያደረገባትንም ያስረሳታል። ቆይቶም የኤሌናን ታናሽ ወንድም አንገቱን ይሰብረዋል፤ ብላቴናው የተረፈው በጣቱ ባለው የአስማት ቀለበት እንጂ በገዳዩ ርኅራኄ አይደለም። በመጨረሻ ግን ኤሌና የምታገባው ይህንኑ ዴመንን ነው። ተመልካቹ ስለ ምን ይቅር አለው ቢሉ፥ ተጸጽቷልና ይባላል። መጸጸቱስ ተጸጽቷል። ነገር ግን የተበደለችው ሌላ፥ ይቅር ባይዋም ሌላ ናት። ካሮላይን ትዝታዋ ተመልሶ ብትቈጣበትም ነገሩ ፈጥኖ ይታለፋል፤ ካሣም የሚጠይቅላት የለም። የንስሓን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህ ይቅርታ ከወዴት እንደ መጣ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ከመልኩ ማማር በቀር ሌላ ምንጭ ለማግኘት ያስቸግራልና።

ተረት ነው፥ ጨዋታ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን በእውነት ቫምፓየር ተብለው የተከሰሱት ሰዎች ዴመንን አይመስሉም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1892 በአሜሪካ በሮድ አይላንድ አገር ሜርሲ ብራውን የተባለች የ19 ዓመት ልጅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። እናቷና እኅቷ ቀድመዋት በዚያው በሽታ ሞተው ነበር፤ ወንድሟም ታሞ ነበር። ጎረቤቶች፥ ከሞቱት አንዷ የሕያዋንን ደም ትመጣለች ብለው አባትዮውን አስጨነቁት። እርሱ ባያምንበትም ፈቀደ። ሬሳዋን አውጥተው ልቧን አቃጠሉ፤ አመዱንም በውሃ በጥብጠው ለወንድሟ አጠጡት። እርሱም ኹለት ወር ሳይቈይ ሞተ። ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የዚህን በሽታ ተሐዋሲ ካሳየ 10 ዓመት አልፎ ነበር።

በደቡብ ጎንደር ደጋም ክሱ የወደቀው በአንጥረኛውና በሸክላ ሠሪው፥ በቆዳ ፋቂውና በቤተ እስራኤል ላይ ነበረ። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ያድራል፤ አፈርን በእሳት ብረት ወይም ድስት ሲያደርገው ያየ ገበሬ፥ ምስጢር አለው ብሎ ጠረጠረው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት የኾነው ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የብረት ሥራን እጅግ ከመሻታቸው የተነሣ ለስብከት የመጡትን አውሮጳውያን መድፍ እንዲሠሩላቸው አስገደዱ፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በዚያ ተቀልጦ ተሠራ፥ በሰው ጕልበትም እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። የራሱን አንጥረኛ ቡዳ የሚል አገር የባዕዱን አንጥረኛ ሥራ ተራራ ለተራራ ጎተተ። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ጋብቻን ሊያዝ ግን አይቻለውም።

እንግዲህ ኹለቱን ፍርዶች አስተያይቶ ማየት ነው። ድራማው በእውነት ደም ለጠጣው ሙሽራ ሰጠ፤ አገር ግን ማንንም ላልበላው ከለከለ። በሁለቱም ቦታ ምስክር አልተሰማም፤ ያንደኛው መልኩ፥ የሌላው ሥራው ፈረደለት ወይም ፈረደበት። ለድራማው አንድ ነገር ሊመሰገንለት ይገባል፤ ኤሌና የሚፈራውን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ ትጠይቀዋለች፥ እስኪጨርስም ትሰማዋለች። ቡዳ የተባለ ጎረቤት ይህን እንኳ አያገኝም። ሕመምተኛው በትኵሳት ሲቃዥ ዘመዶቹ ከብበው «ማን በላህ?» ብለው ያስጨንቁታል፤ በሥቃዩም መካከል የመጣለትን ስም ይጠራል። በዚያ ሰዓት ካህን ወይም ሽማግሌ ቆሞ ዝም ካለ፥ ሕመምተኛው ቢድን ወይም ቢሞት የተጠራው ስም በአንድ ቤት ላይ እስከ ልጅ ልጅ ይቀራል።

ዛሬም ባንዳንድ ስፍራ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋን ይዛ ገበያ ስትቀመጥ እናት ሕፃኗን በነጠላ ሸፍና ዋጋ ትከራከራለች። ጀበናውን ጣቷን ከታ ትፈትሻለች፥ ቀዳዳ እንደሌለው አይታ ትገዛዋለች፤ በማግሥቱም ጎረቤት ጠርታ ቡና ታፈላበታለች።