አንደበት ሳይዘጋ

 

ሲሪንቃ ላይ አንድ አባት ታመው አንደበታቸው ተዘጋ እንበል። አንዱ ልጅ «በሬውን ሽጠን ወልድያ፣ ካልሆነም ደሴ፣ አዲስ አበባ እናድርሳቸው» ይላል። እህቱ «ሐኪሙ ከዚህ በኋላ መዳኛ የለም ብሏል፤ ቤታቸው ሆነው ሸሃዳ እየሰሙ ይረፉ» ትላለች። ሁለቱም ይወዷቸዋል። የሚያጣላቸው የአባትን ፈቃድ አለማወቃቸው ነው። በደህና ጊዜ ሊናገሩ ሲጀምሩ «ኧረ ሟርት አያውሩ አባባ!» ተብለው ዝም ብለዋል።

የታመመ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ያለው ቃል ምን ያህል ይከበራል?

ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ተይዞ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ታሪክ አለ። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ቤተሰቡ መድኃኒት በአፋቸው ሊያደርግላቸው ሲል በምልክት ከለከሉ። ቤተሰቡ ግን በሽተኛ መድኃኒት ስለሚጠላ ነው ብሎ ሰጣቸው። ሲነቁ፣ ከልክያችሁ አልነበረም ወይ ብለው ወቀሷቸው። የሰጧቸው የሚወዷቸው ናቸው። ፍቅር ግን ክልከላቸውን ማለፊያ አልሆነም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። አንደበቱ የተዘጋ ሰው ግን እንዴት እምቢ ይበል?

ሕይወት የአላህ አማና ናት፤ ሞትን ማፋጠን ሐራም ነው። የማይፈውስን ነገር መተው ግን ሌላ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ዐማን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ፣ አንጎሉ ሥራ ማቆሙንና እንደማይመለስ ሐኪሞች ያረጋገጡለትን ሰው ከመሣሪያ መንቀል ፈቅዷል።

ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ኑዛዜ የሚሆን ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር አስተምረዋል። ለንብረት እንዲህ ከሆነ ለአካልማ?

ስለዚህ መጀመሪያ የራስህን ጻፍ፤ አንቺም ጻፊ። መናገር ሲያቅተኝ ማን ይናገርልኝ? ሕመሜ ይነገረኝ? መዳኛ ከሌለ ሆስፒታል ልቆይ ወይስ ቤቴ ልሁን? ዕዳዬስ የማን ነው? ሐኪምና ዓሊም አማክሩበት፤ ለምታምኗቸው ሁለት ሰዎችም ንገሩ።

አባት ወይም እናት ስለዚህ ማውራት ሲጀምሩ ደግሞ «ሟርት» አትበሉ። ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ያን ቀን በወንድምና እህት መካከል የሚያስታርቀው ያ ቃል ነው።

አላህ ኻቲማችንን ያሳምርልን። አሚን።